ባሕር ተሻግሮ የሚያውቁት ሱቅ መግባት፦ ምን ነክቶን ነው?

ሻንጣ_ሙሉ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቷል፤ እስቲ አብረን እናውራበት።

ሰው ለዕረፍት ብሎ ስንት ሰዓት አውሮፕላን ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ቪዛው፣ ትኬቱ፣ ሆቴሉ ሁሉም ገንዘብ ነው። እዚያ ሲደርስ ምን ያደርጋል? ዛራ ይገባል። ናይኪ ይገባል። ቡናውን ስታርባክስ ይጠጣል። ፓሪስ ሻንዜሊዜ ላይ የሉዊ ቪቶን ሱቅ በር ላይ የሚሰለፈውን ሰው ያየ ያውቀዋል። ሰልፉ ውስጥ የዓለም ቋንቋ ሁሉ አለ፤ ብዙው ሰው ደግሞ የመጣው ያው ሱቅ ቅርንጫፍ ካለው ከተማ ነው።

አብራኝ የተጓዘች ጓደኛዬ ሙዚየሙን በሩጫ አይታ የተረፈውን ጊዜ ሁሉ የምናውቀው የልብስ ሱቅ ውስጥ ጨረሰችው። መስቀያውን ስታገላብጥ ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ሙዚየሙ ውስጥ አልነበረም። ልፈርድባት አይደለም፤ እኔም ገብቻለሁ። ግን ለምን? ስለሚረክስ ነው? ለጉራ ነው? ወይስ ሰው «አዲስ ነገር ማየት እፈልጋለሁ» ሲል ውሸቱን ነው?

(ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጆቹ አድርጉት፤ አለዚያ እንደባለቃለን።)

ቁጥር_አይዋሽም

መጀመሪያ ኪስ፣ ከዚያ ፍልስፍና።

አንድ ዓይነት ቦርሳ በየአገሩ አንድ ዋጋ የለውም። ቀረጥ አለ፣ ምንዛሪ አለ፣ «እዚህ ገበያ ሰው ስንት ይከፍላል» የሚል የኩባንያው ስሌት አለ። የአውሮፓ ቅንጡ ዕቃ በትውልድ አገሩ ከእስያ ይልቅ ረክሶ ነው የኖረው። ልዩነቱ ዓይን ያወጣ ስለነበር ቻኔል በ2015 አንዳንድ ቦርሳዎቹን አውሮፓ ላይ አስወድዶ ቻይና ላይ ዋጋ ቀንሷል። ሰው እየተሳፈረ መጥቶ ይገዛ ነበራ!

በላዩ ላይ ቫት አለ። ፈረንሳይ 20 በመቶ፣ ጣሊያን 22፣ ጀርመን 19 ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር ጎብኚ ዕቃውን ይዞ ከወጣ ቫቱ ይመለስለታል። ፈረንሳይ ለዚህ ከ100 ዩሮ በላይ እንድትገዛ ትጠይቃለች። ስፔን በ2018 ዝቅተኛውን መጠን ጭራሽ አንስታዋለች። ግን ሙሉ 20 በመቶ እጄ ይገባል ብሎ የሚያስብ ይሳሳታል። 120 ዩሮ ከከፈልክ ውስጡ ያለው ቫት 20 ዩሮ ነው፤ ከከፈልከው 16.7 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ላይ አስመላሹ ድርጅት ድርሻውን ይቆርጣል። ቢሆንም ከባዶ ይሻላል።

ብሪታንያ (ሰሜን አየርላንድን ሳይጨምር) ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ለጎብኚ ቫት መመለስ ትታለች። የለንደን ነጋዴዎች እስካሁን እሪ እያሉ ነው፤ ገዢው ፓሪስና ሚላን ሄደብን ይላሉ። ጃፓንን ደግሞ ተመልከቱ። በ2024 የጃፓኑ ገንዘብ የን ወድቆ አንድ ዶላር ከ160 የን በላይ ሲመነዘር የቻይና ጎብኚዎች ቶኪዮ ላይ ቅንጡ ሱቆችን አጨናነቁ። የሉዊ ቪቶን ባለቤት የሆነው ኩባንያ ራሱ በሪፖርቱ ይህንኑ ተናግሯል።

ስለዚህ ለጥያቄሽ ግማሹ መልስ፣ «ሰው አያብድም፤ ያሰላል» ነው።

ሻንጣ_ሙሉ

እሺ፣ ለቦርሳው ገባኝ። የዛራ ቲሸርትስ? ስታርባክስስ? እዚያ ላይ የሚተርፈኝ ነገር የለም። አንዳንዴ እንዲያውም ይወደዳል። ጓደኛዬ ያን ቀን የገዛችው ተራ ጂንስ ነው።

ቁጥር_አይዋሽም

ልክ ነሽ። ግን አንድ ነገር አስቢ። ጂንሱ እንደተወደደ በምን አወቅሽ? ዋጋውን ቀድመሽ ስለምታውቂው ነው። መንገድ ዳር የተሰቀለ የማታውቂው ስካርፍ ይርከስ ይወደድ አታውቂም። ማወዳደር የሚቻለው የሚያውቁትን ብቻ ነው። ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት ከ1986 ጀምሮ የአገሮችን ምንዛሪ በማክዶናልድስ ቢግ ማክ ዋጋ የሚለካው ለዚህ ነው። በየአገሩ አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ሲፈልጉ ያገኙት እሱን ነው። ቱሪስትም ሳያውቀው እንደዚያው ያደርጋል።

ጋሽ_መንገዴ

ልጆች፣ ለብዙ ዘመን ቱሪስት ሳስጎበኝ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሒሳቡን ለቁጥር ትቼ ያየሁትን ልናገር።

መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ጀግና ነው። ያላየው አይቀርም። ቀናት ሲገፉ ይደክማል። የሚደክመው እግሩ ብቻ አይደለም። በማያውቁት አገር ትንሹም ነገር ውሳኔ ይፈልጋል። የሻወሩ ውሃ በየት በኩል ይዞራል፣ የባቡሩ ትኬት የት ይቆረጣል፣ ለአስተናጋጁ ጉርሻ ይሰጣል አይሰጥም፣ መንገዱን ስሻገር ወደየት ልይ? ቤቱ ሳለ እነዚህን አንዱንም አስቦ አያውቅም።

አሁን እንዲህ በደከመች አንዲት ቱሪስት ፊት አንድ የገበያ ድንኳን አለ እንበል። ሴትዮዋ ስካርፉን በሁለት እጇ ይዛ ዋጋ ትጠይቃለች። ሻጩ «አንቺ ንገሪኝ» ይላል። ስልኳን አውጥታ በራሷ ገንዘብ ትመነዝራለች። ግማሹን ልበል? ስድብ ይሆን? ባሏ ትንሽ ራቅ ብሎ ሰዓቱን ያያል። ሻጩ ቁጥር ይጠራል፤ ደንግጣ ስካርፉን መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሻጩ ሌላ ቁጥር ጠርቶ ይከተላታል። ይሄኔ ስካርፉ ቢያምርም ባያምርም አለቀለት። ያችው ሴትዮ ማዶ ያለውን ትልቅ የገበያ ማዕከል ስታይ ፊቷ ይበራል። ዋጋው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ማንም አይከተላትም። ቬንቲሌተሩ ይሠራል። ሽንት ቤት አለ። ሳትገዛ ብትወጣ ማንም አይቀየማትም።

በነገራችን ላይ፣ አስጎብኚ ቱሪስቱን ማስታወሻ ዕቃ ሱቅ ይዞ ሲሄድ ከሽያጩ ኮሚሽን እንደሚያገኝ ዛሬ ያላወቀ ቱሪስት ጥቂት ነው። «እዚህ ብቻ የሚገኝ የእጅ ሥራ» ሲባል ፈገግ የሚለው ለዚያ ነው። ጥርጣሬው ከሰማይ የወረደ አይደለም።

በሥልጠና ጊዜ ያስተማሩን አንድ ነገር ደግሞ አለ። ኤሪክ ኮኸን የሚባል የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በ1972 ቱሪስቶችን ሲከፋፍል፣ አብዛኛው ሰው እንግዳ ነገር የሚወደው በለመደው ነገር ተከልሎ ሲያየው ነው ብሏል። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ተጠራጣሪው

ጋሼ በጣም አክብሬዎት ነው የምቃወምዎት። ሁላችሁም ቱሪስቱ የመረጠ አስመስላችሁ ነው የምታወሩት። ማን አስመረጠው?

ከየት ተጀመረ? ከአየር ማረፊያ። በ1947 አየርላንድ ውስጥ ሻነን አየር ማረፊያ ላይ ብሬንዳን ኦሬጋን የሚባል ሰው የመጀመሪያውን ከቀረጥ ነፃ ሱቅ ከፈተ። የዚያን ጊዜ አትላንቲክን የሚሻገር አውሮፕላን ነዳጅ ለመሙላት እዚያ ይቆም ነበር። ተሳፋሪው ገንዘብ ይዞ፣ ሥራ ፈትቶ፣ መሄጃ አጥቶ ይቆማል። ከዚህ የበለጠ ገዢ ከየት ይመጣል? በ1960 ደግሞ ዲ.ኤፍ.ኤስ. የሚባለው ከቀረጥ ነፃ ዕቃ የሚሸጥ ኩባንያ ሆንግ ኮንግ ላይ ተጀመረ። ጃፓን በ1964 ዜጎቿ ለሽርሽር ውጭ እንዲሄዱ ስትፈቅድ ኩባንያው ሃዋይ ላይ ጠብቋቸው ከበረ። የሸጠላቸው ስሙን የሚያውቁትን ውስኪና ሽቶ ነው።

ዛሬማ ከፍተሻው እንደወጣህ መንገዱ ራሱ በሱቁ መሃል ነው የሚያልፈው። ወደ በርህ ለመድረስ በሽቶው መሃል መጠምዘዝ አለብህ። ከዚያ ከተማ ስትገባ ዋናው ጎዳና ላይ ያሉት ያው ናቸው፤ ያን ኪራይ መክፈል የሚችለው ማን ሆነና! ቱሪስቱ የሚያውቀውን ብራንድ ፈልጎ አይደለም የሚገዛው። ሌላው ከዓይኑ ስለተወሰደ ነው።

ደግሞ ሥነ ልቦናው አለ። ሮበርት ዛየንስ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1968 ያሳየው ነገር ነው። ሰዎች ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ደጋግመው ካዩ፣ ብዙ ጊዜ ያዩትን ጥሩ ነገር ማለት ነው ብለው ይገምታሉ። ምንም ሳይሆን! ስለታየ ብቻ። ማስታወቂያ የሚሠራው ይህንን ነው።

ጋሽ_መንገዴ

አንተ ልጅ፣ መቃወምህን ወድጄዋለሁ። ስለ አየር ማረፊያው ልክ ነህ። ግን የገዛ እግሩ ወስዶት፣ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ካርታ አውጥቶ የሚያውቀውን ሱቅ የሚፈልግ ሰውም አስጎብኝቻለሁ። እሱን ማን ጠመዘዘው?

ቁጥር_አይዋሽም

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር ያለው፤ ትንሽ ልለጥጠው።

ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል የኢኮኖሚክስ ሊቅ በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጽሑፍ ጻፈ። በ2001 ኖቤል ካሸለሙት ሥራዎች ዋናው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ለጥሩውም ለመጥፎውም አንድ ዓይነት መካከለኛ ዋጋ ነው የሚሰጠው። በዚያ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው መሸጥ አያዋጣውም፤ ይወጣል። መጥፎው ይቀራል። መፍትሔ ብሎ ካነሳቸው አንዱ የብራንድ ስም ነው። ሰንሰለት (በየቦታው ቅርንጫፍ ያላቸው) ሆቴሎችና ምግብ ቤቶችንም እዚያው ጠቅሷል፤ መንገደኛ አካባቢውን አያውቅም፣ ሰንሰለቱን ግን ያውቃል።

አሁን ቱሪስቱን እዚህ ውስጥ አስገቡት። የሰፈር ነዋሪ ቢታለል ነገ ተመልሶ ይጣላል፣ ለጎረቤት ያወራል። ሻጩ ይሄን ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል። ቱሪስቱ ግን ነገ ማታ አውሮፕላን ላይ ነው። ጫማው ከሳምንት በኋላ ቢገነጠል ማን ጋ ይጮሃል? አንድ ጊዜ ብቻ ለሚመጣ ደንበኛ የሚጠነቀቅ ሻጭ ጨዋ ሰው ስለሆነ ይጠነቀቃል እንጂ ስለሚጠቅመው አይደለም። ሰንሰለቱ ግን ይለያል። ያ ሱቅ ዳግም ባያየኝም ቅርንጫፉ ሰፈሬ ይጠብቀኛል። እዚያ ብታለል እዚህ መግዛቴን እተዋለሁ። ለቱሪስት ተመልሶ መምጣት የሚችልበት ብቸኛው ሻጭ የሚያውቀው ብራንድ ነው።

ስለዚህ ተጠራጣሪው፣ ማስታወቂያው አይሠራም አላልኩም። ግን ማስታወቂያ ባይኖርም ቱሪስቱ እዚያው ይሄድ ነበር።

ፀሐይ_ዳር

ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ማለት ይሄው ነው 😄

ግን ወንዶቹ የረሳችሁት ነገር አለ፤ ስጦታ! ቱሪስት ለራሱ ብቻ አይገዛም። «ከሄድሽ አይቀር» የሚል የትእዛዝ ዝርዝር ይዞ ነው የሚሄደው። የታዘዘው ደግሞ ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ቀለሙ ተጽፎ ነው፤ አንዳንዱ ፎቶውን ጭምር ልኮልሻል። እዚያ ላይ ምን ምርጫ አለ?

ያልታዘዘውም ቢሆን ቀላል አይደለም። ለአለቃሽ ስሙ የማይታወቅ ቦርሳ ብትሰጪያት ሥራሽ ማስረዳት ሊሆን ነው። «ይሄ እዚያ አገር የታወቀ ቤት ነው፣ በእጅ ነው የሚሰፋው» ስትይ የዋጋውን ነገር የምትናገሪ ያስመስልብሻል። የታወቀ ስም ያለበት ሣጥን ግን ራሱ ያወራል። ተቀባይዋ ሳትከፍተው ገብቷታል። እኔ ለራሴ የማልገዛውን ብራንድ ለሰው የምገዛው ለዚህ ነው።

የ«ከምንጩ» ነገርም አለ። አስመስሎ የተሠራ ዕቃ በበዛበት ዘመን ፓሪስ ከራሱ ሱቅ ከነደረሰኙ የተገዛ ቦርሳ ጥርጣሬ የለበትም። ቻይና ውስጥ ዳይጎ የሚባሉት ሰዎች ኑሯቸው ይሄ ነው። ውጭ ሄደው ገዝተው ለሌላ ሰው ያመጣሉ። መንግሥትም ገንዘቡ ከአገር እንዳይወጣ እዚያው ቻይና ውስጥ ባለችው ሃይናን ደሴት ላይ ከቀረጥ ነፃ ግዢ ፈቅዷል። በ2020 የአንድ ሰው የዓመት ጣሪያ ከ30 ሺህ ወደ 100 ሺህ ዩዋን ከፍ ብሏል።

የመንታ_እናት

እህቴ ፀሐይ፣ ስለ ጥርጣሬ ካነሳሽ የኔን ስሚ። ከልጆች ጋር ስትጓዢ ብራንድ ቅንጦት አይደለም። ዳይፐር፣ የልጅ ወተት፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ የትኩሳት ሽሮፕ፤ እነዚህን «እስቲ የአገሩን ልሞክር» የሚል ወላጅ አላየሁም። ሌሊት ልጅ እያለቀሰ በማላነበው ፊደል የተጻፈ ጣሳ ልፈታ? ቀለሙን የማውቀውን አንስቼ እሮጣለሁ። ሆኖም ስሙ አንድ ሆኖ ይዘቱ በየአገሩ ሊለያይ ይችላልና ጀርባውን ማየት አትርሱ። መድኃኒት ላይማ የግድ ነው። አንድ ንጥረ ነገር በሌላ አገር በሌላ ስም ይሸጣል፤ ስለዚህ የንጥረ ነገሩን ስም ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙ።

ይሄ ነገር እስከምን እንደሚሄድ ማየት የፈለገ የሆንግ ኮንግን ታሪክ ይይ። ቻይና ውስጥ በ2008 የሕፃናት ወተት ሜላሚን ከሚባል የፋብሪካ ኬሚካል ጋር ተደባልቆ ልጆች ታመሙ፣ የሞቱም አሉ። ከዚያ ወዲህ ወላጆች ውጭ የወጡ ቁጥር ሻንጣቸውን ወተት ሞልተው መመለስ ጀመሩ። የሆንግ ኮንግ እናቶች ለራሳቸው ልጆች አጡ። በመጨረሻ ከማርች 2013 ጀምሮ ከከተማዋ የሚወጣ አንድ ሰው ከ1.8 ኪሎ፣ ማለትም ከሁለት ጣሳ ገደማ በላይ እንዳይዝ ተከለከለ። እነዚህ ሰዎች ለጉራ ነው የገዙት? ተጠራጣሪው ይመልስልኝ።

ተጠራጣሪው

እሱ ላይ አፌን ይዣለሁ። ወተቱ ሌላ ነገር ነው።

የኔ ጥል ፍሪጅ ላይ ከሚለጠፈው የማስታወሻ ማግኔትና ከኩባያው ጋር ነው። የከተማው ስም የተጻፈበት የስታርባክስ ኩባያ ሰብስቦ ግድግዳ የሞላ ሰው አውቃለሁ። ሀርድ ሮክ ካፌም እንደዚያው። በ1971 ለንደን ውስጥ የተከፈተ አንድ ምግብ ቤት ነበር፤ ዛሬ ሰው በየከተማው እየሄደ የከተማው ስም ያለበትን ቲሸርት ይገዛል። ከተማው ይለያያል፣ ቲሸርቱ ያው ነው። ሄጃለሁ ለማለት ካልሆነ ለምን?

ፀሐይ_ዳር

ሄጃለሁ ለማለት ነዋ! ምን ነውር አለው? የከተማው ማስታወሻ ሁሉ እኮ የት እንደተሠራ ጀርባውን ገልብጠህ ብታይ ትደነግጣለህ። ቢያንስ ኩባያው አይዋሽም።

ጫማ_42

አንድ ቀላል ምክንያት ልጨምር፤ ልክ።

ጫማ ገልብጣችሁ ምላሱ ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። ናይኪ የወንዶች ላይ ዩኤስ 9፣ ዩኬ 8፣ ዩሮ 42.5፣ 27 ሴንቲሜትር ይላል። አዲዳስ ላይ ዩኤስ 9 ግን ዩኬ 8.5 ነው፤ ዩሮው ደግሞ 42 ከ⅔ የሚል ጉደኛ ቁጥር ነው። ሁለቱ ከታወቁት ሁሉ የታወቁ ሆነው እንኳ አይስማሙም። ስሙን ሰምቼ የማላውቀው ጫማ ላይማ ልኩ እንዴት ይሆናል? ጊዜ የለኝም፣ መልሶ መለወጥ የለም። በአንድ ብራንድ ልኬን ካወቅኩ ሌላው ከተማ ላይ ሳልለካ እንኳ እገዛለሁ። ለልብስም ያው ነው። የጃፓን ኤል እና የአሜሪካ ኤል ያንኑ ሰው አያለብሱም።

ስልክ_ጠጋኝ

ልብስና ጫማ ይሁን። ኤሌክትሮኒክስ ላይ ግን «የማውቀው ብራንድ ነው» ብላችሁ ዘና እንዳትሉ። ስሙ ያው፣ ዕቃው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ ከአይፎን 14 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 ወዲህ፣ አሜሪካ የሚሸጠው አይፎን የሲም ማስገቢያ የለውም፤ በኢ-ሲም (ካርድ በማይፈልግ፣ ስልኩ ውስጥ በተሠራ ሲም) ብቻ ነው የሚሠራው። ሲም ካርድህን ይዘህ ብትመጣ የምትሰካበት ቀዳዳ የለም። ሰው ስልኩን ገዝቶ መጥቶ ቀዳዳውን ሲፈልግ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። መሰኪያና ቮልቴጅም አለ። ስልክና ላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ፀጉር ማድረቂያ ግን ብዙ ጊዜ አይቀበልም። ቻርጀሩ ላይ በደቃቁ ተጽፏል፤ ማንበብ ነው።

ዋስትናም እንደዚያው። እኔ ራሴ ውጭ የገዛሁትን የታወቀ ካሜራ ይዤ ወደ ተወካዩ ስሄድ «እዚያው አገር ውሰደው» ተብያለሁ። ያን ጊዜ የቁጥር «ቅርንጫፉ ሰፈሬ ይጠብቀኛል» የሚለው ነገር ውኃ በላው።

ቁጥር_አይዋሽም

@ስልክ_ጠጋኝ ትክክል። ሐሳቡን አያፈርሰውም ግን ያጠብበዋል። ስሙ የሚሰጥህ መተማመን አንድ ወጥ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለው ውል ግን በአገር የተከፋፈለ ነው። ከመግዛትህ በፊት «ዋስትናው ዓለም አቀፍ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነፃ ነው።

ያው የስም ማታለል አውትሌት (ብራንዶች በቅናሽ የሚሸጡበት የገበያ ማዕከል) ላይም አለ። ኒውዮርክ አጠገብ ያለው ውድበሪ ኮመን በ1985፣ ኦክስፎርድ አጠገብ ያለው ቢስተር ቪሌጅ በ1995 ነው የተከፈቱት። ቱሪስት በአውቶቡስ ነው የሚወርድባቸው። ቢስተር የሚወስደው ባቡር ጣቢያ ማስታወቂያውን በማንዳሪንና በዓረብኛ ጭምር ያሰማል። አሁን ግን ልብ በሉ። አውትሌት ላይ ከሚሸጠው ዕቃ ጥቂት የማይባለው ከዋናው ሱቅ የተረፈ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ለአውትሌት ተብሎ የተሠራ ነው። ቆዳው ሳሳ ያለ፣ ስፌቱ ቀለል ያለ ይሆናል። የተሰረዘው «የድሮ ዋጋ» ዕቃው ጭራሽ ተሽጦበት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጥ የፈለገ ያንኑ ሞዴል በዋናው ድረ ገጽ ላይ ይፈልግ።

ተጠራጣሪው

አሃ! አየህ? ብራንዱ ታማኝነቱን ለቱሪስቱ ይሸጣል፣ ቱሪስቱ ደግሞ ማወዳደር የማይችለውን ያነሳል። አንተው አፈረስከው።

ቁጥር_አይዋሽም

አላፈረስኩም፤ ቱሪስቱ የሚያውቀው ስሙን እንጂ ዕቃውን ካልሆነ የት ላይ እንደሚጎዳ ነው የነገርኩህ። ዕቃውን የሚያውቅ፣ ሞዴሉን ከነቁጥሩ የሚያውቅ ሰው አውትሌትም ላይ አይታለልም።

ጋሽ_መንገዴ

ሁለታችሁም ቱሪስቱን እንጂ የአገሩን ሰው አላያችሁም። ስታርባክስ አውስትራሊያ ገብቶ ምን ሆነ? የአውስትራሊያ ሰው የራሱ ካፌ ነበረው፤ አልፈለጋቸውም። በ2008 ከ84 ቅርንጫፎች 61ዱን ዘጋ። የሚታወቅ ብራንድ ዋጋ ያለው አካባቢውን ለማያውቅ ሰው ነው። ባለአገሩ የቱ ቤት እንደሚያዘልቅ ያውቃልና ስም አይገዛም።

ስለዚህ ለሻንጣ_ሙሉ ጓደኛ አትፍረዱባት። ጂንስ ልትገዛ አልነበረም የገባችው። አንድ ከሰዓት በኋላ ባለአገር ለመሆን ነው።

ሻንጣ_ሙሉ

ጋሼ፣ ይህቺን ለራሷ አነብላታለሁ። ደስ ይላታል።

ልብ ያልኩት ነገር ቢኖር፣ ያን ቀን እዚያ ሱቅ ውስጥ ያለ አስተርጓሚ ነበርን። ሙዚየሙ ውስጥ ጽሑፉን በስልክ እየተረጎምን፣ ሬስቶራንቱ ላይ በጣት እየጠቆምን ነው የኖርነው። እዚያ ግን መጠኑን ፈልጋ፣ ለክታ፣ ራሷ መክፈያ ማሽን ላይ ከፍላ ወጣች። ከማንም ጋር አንዲት ቃል አልተለዋወጠችም።

ከመዝጋቴ በፊት አንድ ተግባራዊ ጥያቄ። በቅርቡ ወደ አውሮፓ ተመልሼ እሄዳለሁ። ቫቱን የማስመልሰው ሻንጣዬን ካስረከብኩ በኋላ ነው ወይስ በፊት?

ቁጥር_አይዋሽም

በፊት! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሱቁ ላይ ፓስፖርትሽን አሳይተሽ ፎርሙን ውሰጂ። አየር ማረፊያ ስትደርሺ ዕቃው ሻንጣው ውስጥ ከሆነ ሻንጣውን ከማስረከብሽ በፊት ወደ ጉምሩክ ሂጂ። ዕቃውን አሳዩን ሊሉሽ ይችላሉ፤ ሳትለብሺው፣ ከነምልክቱ ይሁን። ፈረንሳይ ላይ ፓብሎ የሚባል ማሽን አለ፤ ፎርሙን ታስነብቢዋለሽ፣ አረንጓዴ ካበራ ጨረስሽ። በእጅ የምትይዢው ከሆነ ደግሞ ከኅብረቱ መጨረሻ በምትወጪበት አየር ማረፊያ ነው የሚረጋገጠው። ከገዛሽበት ወር በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ መውጣት አለብሽ።

በካሽ ከወሰድሽ ተጨማሪ ይቆርጡሻል፤ በካርድ ይዘገያል ግን ይሻላል። አትርሺ፣ የተመለሰልሽ የዚያ አገር ግብር ነው። የራስሽ አገር ጉምሩክ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከቀረጥ ነፃ ከተፈቀደው ጣሪያ ካለፍሽ እዚህ ትከፍያለሽ።

ጃፓን ለሚሄድ ደግሞ፣ እስካሁን ግብሩ ሱቁ ላይ ነበር የሚቀነሰው። ከኖቬምበር 2026 ጀምሮ ሙሉውን ከፍሎ ሲወጡ ወደማስመለስ እንዲዞር ሕጉ ተቀይሯል።

ጋሽ_መንገዴ

የጉምሩኩ ሰልፍ ይረዝማል። ከሆቴል በጊዜ ውጪ ልጄ። አውሮፕላን ጥሏቸው የሄደ ሰዎች አሉኝ።

ተጠራጣሪው

ደግሞ 100 ዩሮ ለመሙላት ብለሽ የማትፈልጊውን ካልሲ እንዳትጨምሪ።

ሻንጣ_ሙሉ

ካልሲ ሁልጊዜ ያስፈልጋል 🙄